የእማዬ ማጫወቻ

እማዬ ማክሰኞ ማታ በረረች። ቤቱ ጭር ብሏል። ዛሬ ክፍሏን ላስተካክል ስገባ አልጋዋ ሥር የዲቪዲ ማጫወቻዋን ባዶ ካርቶን አገኘሁት። ልጥለው አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንከራተተኝ ነገር ነው። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች። እማዬ ልታርሳት ነው የሄደችው፤ ስድስት ወር ትቆያለች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ የገንፎው ዱቄት ሁሉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ ሲኒዋን አስቀመጠችና "ልጄ፣ ሠርጉን እንዴት አድርጌ ነው ይዤው የምሄደው?" አለችኝ።

ሠርጉ የታላቅ ወንድሜ ነው። ያገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቪዲዮ አንሺው በሁለት ዲቪዲ አድርጎ ሰጠን፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ "ሲዲው" ነው የሚባለው። እማዬ የከፋት ቀን ታየዋለች። ደስ ያላትም ቀን ታየዋለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ ደግሞ በዓል ሲሆን ሳታየው አትውልም። አባዬ እዚያ ውስጥ አለ።

"አውሮፕላኑ ላይ ፊልም አለ እኮ እማዬ" አልኳት።

"የሰው ፊልም ምን ያደርግልኛል?" አለች።

እውነቷን ነው። መንገዱ መሃል ላይ ያለውን መቆሚያ ጨምሮ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ያን ሁሉ ሰዓት ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። እዚያ ከደረሰች በኋላም እህቴ ሥራ ስትመለስ ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ናት። ሠርጉ አብሯት መሄድ ነበረበት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ታብሌት ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ተውሼ አመጣሁ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ባትሪው ቀን ሙሉ ይቆያል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ለእኔ ቢሆን ኖሮ ሌላ አልፈልግም ነበር። ለእማዬ ሰጠኋት። ነካችው፣ ዝም አለ። ጫን አድርጋ ነካችው፣ ሌላ ነገር ተከፈተ። እንደገና ሞከረች፣ ቪዲዮው ጠፋ። የታብሌት የንክኪ ስክሪን በግፊት አይደለም የሚሠራው። በቆዳችን ውስጥ የሚያልፈውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚያውቀው። የእማዬ ጣት ደግሞ አርባ ዓመት ጥጥ የፈተለ፣ ምጣድ ላይ የኖረ ጣት ነው። ጫፉ ደርቋል። ስክሪኑ አንዳንዴ ያውቀዋል፣ አንዳንዴ አያውቀውም።

ታብሌቱን ቀስ አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "አንቺን ይሰማሻል፤ እኔን አይሰማኝም" አለችኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የምፈልገው ጥሩ ስክሪን ይመስለኝ ነበር። ለካ የምፈልገው ቁልፍ ኖሯል። ሲጫኑት ቀጭ የሚል፣ ጣት የሚያውቀው ቁልፍ።

እህቴ ስደውልላት "ሲዲዎቹን ብቻ ይዛ ትምጣ፤ ማጫወቻ እዚህ አለን" አለችኝ። ሐሳቧ ጥሩ ነበር፤ ግን አይሆንም። እኛ አገር ቪዲዮ የሚቀዳው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ 576 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነው፤ 480 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ገደማ። እዚያ ለአገሩ ገበያ የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች የፓልን ዲስክ አይቀበሉም። ከዚህ የሠርግና የክርስትና ሲዲ ተሸክሞ ሄዶ እዚያ ሳይከፈትለት የቀረ ስንት ሰው አለ! የራሱ ስክሪን ያለው ተንቀሳቃሽ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያነባል። ቁልፍም አለው። ስለዚህ መርካቶ ሄድኩ።

መርካቶ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ "ድሮ ነበር" አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ከላይ መደርደሪያ አቧራውን እያራገፈ አወረደልኝ። "እህት፣ ይሄኮ ጊዜው አልፏል። ታብሌት ልስጥሽ" አለኝ። ለእናቴ ነው ስለው ዝም ብሎ ሰካልኝ። ባለ 9 ኢንች ነው። ሲዲውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ይህን ማድረጌ በጀኝ። የመጀመሪያው ማጫወቻ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ቀጥ አለ። ሲዲው ላይ ጭረት አለ፤ ያኛው ጭረቱን ማለፍ አልቻለም። ሁለተኛው ግን ትንሽ ተንገዳግዶ አለፈው። ባዶ እጅ ሄዶ በሱቁ ማሳያ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን አያውቅም። የሱቁ ሲዲ አዲስ ነው፤ የእኛ ግን አርጅቷል።

"ባትሪው አምስት ሰዓት ይሄዳል" ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩትና ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በጣም ነው የከፋኝ። ፓወር ባንክ ላያይዝለት አሰብኩ። እሱም አልሆነም፤ ማጫወቻው የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፣ የተለመደው የፓወር ባንክ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት። አውሮፕላኑ ወንበር ላይ ዩኤስቢ ቢኖርም ያው 5 ነው።

ከዚያ ማጫወቻው ጎን ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ አየሁ። ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር ባትሪ ይበላል። ከፍላሽ ሲጫወት ያ ሞተር ያርፋል። ሲዲውም ከመጫር ይድናል። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም ሲዲ ፍላሽ ላይ እንዲያደርግልኝ ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩ። ልጁ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ ጨምቆ አመጣልኝ። ስሰካው ድምፁ አለ፣ እልልታው አለ፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ፋይሉ የተጨመቀው ኤች 265 በሚባል አዲስ የመጭመቂያ ዘዴ ነበር። የማጫወቻው ዕድሜ ለዚያ አልደረሰም።

በመጨረሻ መፍትሔው ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ቪኦቢ (.VOB) የሚባሉ የቪዲዮ ፋይሎች ታያላችሁ። ከ1 ጊጋባይት በማይበልጥ ቁራጭ የተከፋፈሉ ናቸው። እነሱን ሳልነካካ እንዳሉ ገለበጥኩና የስማቸውን መጨረሻ ብቻ ወደ ኤምፒጂ (.mpg) ቀየርኩት። ወዲያው ሠራ። ባትሪውም በፍላሽ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሄደ።

ስለ ፍላሹ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የመጀመሪያው ፍላሽ "128 ጊጋ" ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ከሠርጉ ሌላ መዝሙሩንም፣ የልጆቹን ክርስትናም፣ የአክስቴን ልጆች ምርቃትም ሞላሁበት። ኮምፒውተሩ ሁሉም ገብቷል አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቪዲዮዎች አይቼ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ከነከነኝና የመጨረሻውን ከፈትኩት። የለም። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። እንዲህ ያለ ፍላሽ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ሳለ ራሱን ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ቦታው ሲያልቅ አላለቀም ይላል፤ የገባው ግን ይጠፋል። ይህን ሳላውቅ ብሰጣት ኖሮ እዚያ ሰው አገር ሆና ባዶ ስክሪን ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ ስገዛ ጥግ ድረስ ሞልቼ ከመጨረሻው ጀምሬ ነው የማየው።

ሌላው ሌላው ቶሎ አለቀ። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ ስለዚህ የአሜሪካው 120 አይጎዳውም። ለጠፍጣፋው የግድግዳ ሶኬት መቀየሪያ ገዛሁ። ባትሪ ስላለው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ አደረግኩት። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ማዳመጫ አልወደደችውም፤ ነጠላዋን ስታስተካክል ይወጣባታል። ስፖንጅ ያለውን አመጣሁላት፤ ከነጠላው ሥር ልክ ሆነ።

ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ለዓይኗ ደቃቅ ነው። በቀይ የጥፍር ቀለም የሚያስጀምረውንና የሚያቆመውን ቁልፍ ምልክት አደረግኩበት። ወደፊት የሚያሳልፈውን አንድ ነጥብ፣ ወደኋላ የሚመልሰውን ሁለት ነጥብ።

ከመሄዷ በፊት ባለው እሑድ ልምምድ አደረግን። ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ማጫወቻውን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ምንም አልነገርኳትም። ቀዩን ተጫነች። ሙሽሮቹ ወረዱ፣ ሚዜዎቹ ተሰለፉ። ባለ አንድ ነጥቡን ያዘችና አሳለፈችው። ቡራኬውን አለፈች፣ ምሳውን አለፈች፣ ኬኩን አለፈች። ከኬኩ በኋላ የት እንደምታቆም ታውቀዋለች።

አባዬ በነጭ ጋቢ ከወንበሩ ሲነሳ ይታያል። የጎጃም ሰው ነው፤ ትከሻው ከእሱ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ሰዎች ክብ ሠሩለት። አንገቱን ወደ ግራ ጣል አድርጎ፣ ወደ ካሜራው ዞር አለ።

እማዬ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። አባዬ ቆመ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች "ይሄ ደግ ነው" አለችኝ። "በፈለግኩ ጊዜ ያቆምልኛል።"

ቤት ባለው ቴሌቪዥን ስታይ ሪሞቱን የምንይዘው እኛ ነበርን። እኔ ወይም ወንድሜ። እዚያ ጋ አቁሙልኝ ብላን አታውቅም። ያልፋል፣ እሷም አብራ ታሳልፈዋለች። ስንት ዓመት ልታቆመው ስትፈልግ እንደኖረች እኔ በዚያ እሑድ ነው ያወቅኩት።

ትናንት ደወለች። በሰላም ገብታለች። ገንፎው ጀምሯል። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ አብራት ሠርጉን እንዳየች ነገረችኝ። "ባለቤቴ ነው ብዬ አሳየኋት፤ ውዝዋዜው ይገርማል አለችኝ" አለች። ባትሪው ያለቀው የመልሱ ድግስ ላይ ስትደርስ ነው።

ዋናዎቹን ሲዲዎች እኔ ጋ አስቀርቻቸዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ልከታቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ሁለተኛውን ኮምፒውተሬ ላይ ልከፍተው አስቤያለሁ። ከኬኩ በኋላ ያለውን።