ሳንጠራው የመለሰልን

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ልጽፍ እየተነሣሁ እንባዬ ሲቀድመኝ ስተወው ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ወሩ በገባ በ16 ነው፣ የእመቤቴ የኪዳነ ምሕረት ቀን፤ ዝም ብል ውለታዋ ያንቀኛል።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለዶክተር ዐቢይ ድጋፍ መስቀል አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ታስታውሳላችሁ። ታናሽ ወንድሜም ወጣ። እናታችን በር ላይ አስቁማ መዝሙር 90ን ደገመችለት፤ «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም» ብላ አማትባ ሸኘችው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግራቸውን እንደጨረሱ ቦምቡ ፈነዳ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከ150 በላይ ቆሰሉ። አንዱ ወንድሜ ነው።

ፍንጣሪው ጭኑ ውስጥ ገብቶ ትልቁን ደም ሥር ቆርጦታል። እንዲህ ያለ ደም ሥር ሲቆረጥ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ እንደሚያልቅ የሰማነው በኋላ ነው። አንድ የማናውቀው ልጅ የራሱን ቀበቶ ፈትቶ ከቁስሉ በላይ ጥርቅም አድርጎ አሰረለት። ወንድሜ ያለበሰውን፣ ያልመገበውን ልጅ! የት እንዳለህ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ዘመንህን ይባርከው።

እኔና እናቴ በለገሃር አድርገን፣ የቸርችልን ዳገት ሮጠን ጥቁር አንበሳ ደረስን። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አንድ ሐኪም እያንዳንዱን ቁስለኛ አየት አድርጎ ማን እንደሚቀድም ይለያል። የሚጮኸውን ወደ ጎን፣ ዝም ያለውን ወደ ውስጥ። መጀመሪያ ግፍ መሰለኝ። ለካ የሚጮኸው ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አለው። ወንድሜ ድምፅ የለውም፤ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ቀይ ፕላስተር እጁ ላይ ለጥፈው ይዘውት ገቡ።

ያ ሌሊት አይነጋም ነበር። እናቴ ኮሪደሩ ላይ በርከክ ብላ መቁጠሪያዋን ይዛ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፤ 41 ሞልታ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። እኔ ግን አልጸለይኩም። ተቆጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ «ወደ አንተ አይቀርብም አላልክም? በእናትህ ቀን? እናቴ ዳዊት ደግማ በላከችው ልጅ ላይ?» አልኩት። ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ የማይባል ነገር። አንድ ጊዜ ቃሬዛው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ። አንዲት ነርስ የደም ከረጢቱን ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ ትጨምቃለች፣ ቶሎ እንዲገባለት። ሌላዋ ቀጣዩን ከረጢት ይዛ ቁጥሩንና የደም ዓይነቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ያቺኛዋ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች። «የኔን ውሰዱ፣ ከኔ ቅዱ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«የኔ እህት፣ ያንቺ መጀመሪያ ይመረመራል፤ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ቂጥኝ። እስከዚያ እሱ አይጠብቅም» አለችኝ። «ይሄ ቀድሞ የተሰጠ ነው።»

ቀድሞ የተሰጠ። ከረጢቱ ላይ ቁጥርና ቀን እንጂ ስም አልነበረም። ቦምቡ ሳይፈነዳ፣ እናቴ ሳትንበረከክ፣ እኔም ሳልሳደብ፣ አንድ ሰው ሄዶ ለወንድሜ ደሙን ሰጥቶ ነበር። የኢሳይያስ ቃል ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አፌ ላይ ደረሰ፦ «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ፥ ገናም ሲናገሩ እሰማለሁ።» እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እናቴም መቁጠሪያዋን ለኔ ሰጠችኝ።

ሲነጋ ቀኑ 17፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ ደብሩም ያለው እዚያው መስቀል አደባባይ ዳር ነው። ሐኪሙ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ወጣና «ተርፏል፤ እግሩንም አትርፈናል» አለን። እናቴ እልል አለች፤ የታመሙት ሁሉ ቀና አሉ።

ክረምቱ በሁለተኛው ኦፕራሲዮንና በክራንች አለፈ። የካቲት 16 ቀን 2011 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተን ስለቴን አስገባሁ፤ ጥላውን የተሸከመው እሱ ራሱ ነው፣ ትንሽ እያነከሰ።

የሞቱትም እናት አላቸው፤ እነሱም ጸልየዋል። ይህን ዛሬም እግዚአብሔርን እጠይቀዋለሁ፤ ስጠይቀው ግን እንደዚያ ሌሊት አልርቀውም።

በማግስቱ ደም ለመስጠት የተሰለፋችሁ ሁሉ፣ ለሌላው ቁስለኛ ደርሳችኋል፤ ተባረኩ። ነገር ግን ቀይ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ 42 ቀን ነው ይባላል። እንግዲህ ወንድሜን ያተረፋችሁት እናንተ ከዚያ ዓመት ግንቦት መግቢያ ወዲህ፣ ምንም ሳይሆን፣ ማንም ሳይጠራችሁ ሄዳችሁ ክንዳችሁን የዘረጋችሁ ናችሁ። ለማን እንደሰጣችሁ አልተነገራችሁም። ለወንድሜ ነው የሰጣችሁት። አሁን አግብቷል፤ ልጅ አለው።