ዛፍ እየቀየሩ መውደቅ

ሰኔ ገባና ማሲንቆዬ አኮረፈኝ። እርጥበት ሲሆን ቆዳው ይላላል፤ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። ማታ ከሰል አያያዝኩ፣ ማሲንቆውን ራቅ አድርጌ አስደገፍኩና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ ቁጭ አልኩ። መብራት የለም። እንዲህ ባለ ማታ ሰው ከራሱ ጋር ይጣላል።

እኔ የተጣላሁት በአንዲት ቃል ነው። «አዎ» በምትለው።

ስድስተኛ ክፍል አንድ ልጅ አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን አራት ቅኝት እናስተምራለን፤ እሱ አምስተኛውን ይዞ መጥቷል። ዛሬ ክፍሉ ሲወጣ ወደኋላ ቀረት አለና «ቲቸር፣ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ነው የምትችለው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ምን አዎ አለው!

2000 ዓ.ም. ነው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቀረብኩ። ፈታኙ ፒያኖው ላይ አንዲት ድምፅ ነካ አደረገና «በአፍህ መልሳት» አለኝ። መለስኩ። ደግሞ ነካት። ደግሜ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ፒያኖውን መስማት ትቼ ፊቱን ነበር የማየው። «ቀጣይ» አለ። ቀጣይዋ በር ላይ የቆመችው ልጅ ነበረች።

ቤት ስገባ አባዬ ምንም አልከፋውም። «አዝማሪ ከምትሆን...» ብሎ ሳይጨርሰው ሬዲዮኑን ከፈተ። ሬዲዮኑ ላይ ማሲንቆ ነበር። እስኪያልቅ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

ከዚያ ምደባ መጣ። አካውንቲንግ፣ ሦስት ዓመት። ቀጥሎ ባንክ፣ መስኮት ላይ፣ አራት ዓመት። ስለ ባንኩ ብዙ የምለው የለኝም፤ የማህተሙን ነገር ግን አልረሳም። ደረሰኝ ላይ ማህተም ስመታ እጄ ሳላስበው ችክችካ ውስጥ ይገባ ነበር። ስድስት በስምንት፣ ጠንከር፣ ለስለስ። አንድ ቀን አንዲት እናት ብራቸውን እየቆጠሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ። አለቃዬ ግን አልሳቀም።

በዚያው ሰሞን እሑድ እሑድ ካዛንቺስ መሄድ ጀመርኩ። ያኔ አልፈረሰም። ጠዋት የአዝማሪ ቤቱ በር ሲከፈት የማታው ጠጅ ሽታ ገና አልወጣም። ያስተማረኝ ሰውዬ የቅኝት ስም ጠርቶልኝ አያውቅም። ስሳሳት ደጋኑን ይቀማኛል፣ እሱ ይጫወተዋል፣ ይመልስልኛል። በቃ። ማሲንቆ ደግሞ ጣትህ የት እንደሚያርፍ የሚነግርህ ምልክት የለውም። ያለህ አንድ የፈረስ ጭራና ጆሮህ ነው። ያ «ቀጣይ» የተባለበት ጆሮ! ስምንት ወር ሙሉ ድመት የማሰቃይ ነበር የሚመስለው። አንድ እሑድ ግን ገባልኝ። እንዴት እንደገባልኝ እስከ ዛሬ ማስረዳት አልችልም። አስተማሪ ነኝ ደግሞ።

ከባንክ ወጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁት በሙዚቃ አይደለም፤ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነው። ማታ ማታ ኖታ እማር ነበር። የሙዚቃው አስተማሪ ዓመቱ መሃል ላይ ጥሎ ሲሄድ፣ በምሳ ሰዓት ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግቼ ስጫወት የሰሙኝ ዳይሬክተሯ «እስኪ እስከ ሰኔ ያዝልኝ» አሉኝ። ያ ሰኔ እስካሁን አላለቀም። ትምህርቱን መጽሐፉ «የክወናና የዕይታ ጥበባት» ይለዋል፤ ልጆቹ «ሙዚቃ» ይሉታል፤ የሒሳብ መምህሯ ደግሞ «ትርፍ ክፍለ ጊዜ»። ወላጆች ዛሬም ኮሪደር ላይ አስቁመው ስለ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቁኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በየመስከረሙ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የምነግራቸው እኔው ነኝ። ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሸ፣ ማይኪራሕ ላይ ዛፍ ሥር አረፈ፣ ትሉ ስድስቴ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ። ሁሉም ያውቁታል፣ እንደገና ይሰሙታል። የ6ኛውን ክፍለ ዘመን ሰው ውድቀት አደባባይ አወጣለሁ፤ የራሴን ፒያኖ ግን ደብቄ ይዣለሁ።

እርግጥ ልዩነት አለን። ትሉ ስድስቴ የወደቀው ከአንድ ዛፍ ነው። እኔ በወደቅኩ ቁጥር ዛፍ እቀይር ነበር። ይሄ ለልጅ ይነገራል?

ልጁ «የለም፣ እኔም አልችልም ነበር» እንድለው ነበር የፈለገው። አሁን ነው የገባኝ፣ በጨለማ ቁጭ ብዬ። ዓርብ፣ የሒሳብ መምህሯ ክፍለ ጊዜዬን ካልወሰደችብኝ፣ «ዋሽቼህ ነው» ልለው አስቤያለሁ። ግን ቀጥሎ «ታዲያ እንዴት ቻልከው?» ማለቱ አይቀርም። ያኔስ? ሂድ አካውንቲንግ ተማር፣ ባንክ ግባ፣ አራት ዓመት ማህተም ምታ ልበለው?