የምወዳት ተዋናይት ፀጉሯን ስትቆረጥ እኔም ተከትያት ተቆረጥኩ

ለዓመታት በረዥም ጥቅልል ፀጉሯ የማውቃት፣ እጅግ የምወዳት ተዋናይት ፀጉሯን ከጆሮዋ በላይ አስቆርጣ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነበር። ከወደድኳቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ አንድ ነገር የተቀነሰባቸው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ፎቶግራፉን ደጋግሜ ስመለከት፣ የዐይኖቿን አቀማመጥና የአንገቷን ቅርጽ ከዚያ በፊት በቅጡ አይቻቸው እንደማላውቅ ገባኝ። ሳምንት ሳይሞላ እኔም እንደ እርሷ ለመቆረጥ ወሰንኩ። ከመቆረጤ በፊት የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉን ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ፀጉሬን ታጥቤ ሄድኩ።

የተበላሸው ወንበሩ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ፎቶግራፉን አንዴ አይቶ ስልኩን መለሰልኝ። ከፊት ለፊት ብቻ የተነሣ ስለነበር ማጅራቷ አካባቢ ምን ያህል እንዳጠረ አያሳይም፤ እርሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁበትም። ፀጉሬን በውኃ አርሶ፣ ጥቅልሉን በማበጠሪያ እስኪዘረጋ ድረስ ጎትቶ በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። የእኔ ፀጉር በጣም ጥቅልል ነው። እንዲህ ያለ ፀጉር ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ ቅንድብ የነካው ዘለላ ሲደርቅ ግንባር መካከል ሊቀር ይችላል። እኔ ግን መስተዋቱ ውስጥ የማየው እርጥብ ፀጉር ተዋናይቷን ስለመሰለኝ ደስ ብሎኝ፣ ትንሽ ይጠር ብዬ የጨመርኩበት ራሴ ነኝ። ጎኑንና ኋላውን በማሽን ሊያነሣው ሲል «ቁጥር ሁለት ይሁን?» አለኝ፤ የቁጥሩን ትርጉም ሳላውቅ እሺ አልኩ። ቁጥር 2 የሚያስቀረው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ቁጥር 4 ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚተው ያወቅኩት ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው። በመካከሉ አጠረብኝ ብዬ ስጠይቀው «አታስቢ እህቴ፣ ሲደርቅ ቦታውን ይይዛል» አለኝ።

ሲደርቅ ግንባሬ ላይ መውረድ የነበረበት ፀጉር ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ የቀኙ ጎን ከግራው አጠረ። ጥቅልል ፀጉር በሁሉም በኩል እኩል አይሰበሰብም፤ ይህን የእኔ ሳይሆን የባለሙያው ዕውቀት ሊያስቀረው ይገባ ነበር። እርሱ ግን ግራውን ከቀኙ ሊያስተካክል ቆረጠ፣ ቀጥሎ ቀኙን ከግራው፣ ከዚያ እንደገና ግራውን። በቃ ማለት የነበረብኝ በመጀመሪያው ማስተካከያ ላይ ነበር። ዝም ብዬ መቀመጤ ከእርሱ ቸልተኝነት እኩል እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፀጉር በአማካይ በወር 1.25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ የጠፋብኝን አምስት ሴንቲ ሜትር ለመመለስ አራት ወር ጠብቄያለሁ። በየስድስት ሳምንቱ ጫፉን ብትቆረጪ ቶሎ ያድጋል ያሉኝን ሁሉ አልሰማኋቸውም፤ ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ እንጂ ከጫፉ አይደለም፤ ጫፍ መቆረጥ የሚጠቅመው ለተሰነጠቀ ጫፍ ነው።

ፎቶግራፍ ይዘሽ ሂጂ የሚለው የተለመደ ምክርም ብቻውን ጎጂ ነው እላለሁ። በካሜራ ፊት የምናየውን ፀጉር በየቀረጻው የሚያበጥርና የሚያስተካክል ባለሙያ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሴቶች የተከተሉትን አቆራረጥ ያስለመደችው አሜሪካዊቷ ተዋናይት ጄኒፈር አኒስተን እንኳ፣ ያለ ባለሙያዋ እጅ ራሷ ማሳመር ያስቸግራት እንደነበር በይፋ ተናግራለች። እኔ ዛሬ የምይዘው የፊት፣ የጎንና የኋላ ፎቶግራፍ ነው፤ ከተቻለም ፀጉሯ የእኔን የሚመስል ሴት ፎቶግራፍ እጨምራለሁ። እንደ ተዋናይቷ አድርገኝ አልልም፤ ግንባሬ ላይ ሦስት ጣት ይቅር፣ ማጅራቴ ላይ ማሽን አይግባ እላለሁ። ጥቅልል ፀጉር እርጥቡን ሲቆረጥ እኩል ይሆናል ቢሉኝም አልቀበልም፤ ደርቆ፣ በተፈጥሮ አወራረዱ ላይ እንዳለ፣ ከሚፈለገው አስረዝሞ ተቆርጦ ቀስ በቀስ ይጠር።

በአምስተኛው ወር ሌላ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄጄ እንዲሁ አስደረግኩ። ሴትዮዋ መቀሱን ከማንሣቷ በፊት ፀጉሬን በጣቶቿ እየዘረጋችና እየለቀቀች የት ድረስ እንደሚሰበሰብ አየች። ተዋናይቷን አልመሰልኩም፤ አንገቴ ግን ታየ። ተዋናይቷ ዛሬም ፀጉሯ አጭር ነው፤ እንደዚያ ያማረባት ጊዜ የለም ብዬ አምናለሁ።