ሳልቆረጥ ይርገፉልኝ ብዬ ነበር

እግዚአብሔር ይመስገን! ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሰነበትኩ። ሰው ከስንት ነገር ድኖ በሚመሰክርበት እኔ አንገቴ ላይ ስለበቀለ ትርፍ ሥጋ ላወራ?

ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ቀጫጭን፣ ተንጠልጣይ፣ ሐብል ሲይዛቸው የሚያሙ። ሦስተኛዋ ግን ጠቆር ያለች ናት፤ መጀመሪያ ነጥብ ነበረች፣ በኋላ ጠርዟ ተንሻፎ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፋች፣ ሻሼ ሲፈትጋት ደግሞ መድማት ጀመረች። ለዓመታት የጸለይኩት "ጌታ ሆይ፣ ሳልቆረጥ ይርገፉልኝ" እያልኩ ነው። አልረገፉም። እውነቱን ለመናገር ከእምነቴ ይልቅ ፍርሃቴ ነበር የሚጸልየው፤ መርፌ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል።

እህቴ አንድ ቀን "እግዚአብሔር ሐኪም ቤት አይገባም ያለሽ ማነው?" አለችኝ። ተናደድኩባት። ማታ ግን ጸሎቴን ቀየርኩ፦ "እሺ፣ አብረኸኝ ግባ።" በቃ፣ ይቺው ናት።

ሐኪሙ ጠቆር ያለችውን አይቶ "ይቺ ትመርመር" አለ። ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረችው "ካንሰር" የምትለዋ ብቻ ናት።

ማደንዘዣው ሲገባ እንደ ንብ ነደፈኝ። ትንሽ ቆይቶ ምንም የለም፤ ሲጎትቱኝ ይሰማኛል፣ ሕመሙ ግን የለም። ሁለቱን ሲያቃጥሏቸው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። የገረመኝ እጄ አለመንቀጥቀጡ ነው። ለካ መዝሙር እያንጎራጎርኩ ኖሯል! ሐኪሙ "ዘምሪ፣ አንገትሽን ብቻ እንዳታንቀሳቅሺ" አለኝ። በኋላ ጠቆር ያለችውን፣ ያቺን ቆርጦ ያወጣትን ጉድ፣ ፎርማሊን (እንዳትበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ባለበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ አሳየኝ። ባቄላ እንኳ አታክልም። እንቅልፍ የነሳሽኝ አንቺ ነሽ?

የተሰፋሁበት ክር በሳምንቱ ወጣ፤ እሱ ቀላል ነው። ውጤቱን መጠበቅ ግን ሌላ ነው። 10 ቀን። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ መጸለይ ሲያቅተኝ "ጌታ ሆይ" ብዬ ብቻ እተኛለሁ። የጸለያችሁልኝ ሁሉ ተባረኩ፣ እነዚያን ሌሊቶች የያዛችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

ተደወለ። ካንሰር አይደለም። "ምንም አይደል፣ ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ነው" አለኝ። አረጀሽ ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም! እህቴ ጋ ደወልኩ፤ "ሄሎ" ከማለቷ እልል አልኩባት።