ዳኛ ከመዝጋቢ ጠረጴዛ ይወጣል

የመረብ ኳስ ውድድር ሲታሰብ መጀመሪያ ኳስ ይገዛል፣ መረብ ይወጠራል፣ ዋንጫ ይታዘዛል። ዳኛ የሚታወሰው ዋዜማው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የትምህርት ቤቶችንና የመሥሪያ ቤቶችን ውድድር ማስተባበር ስጀምር የነበሩን ዳኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እሁድ ጠዋት ጨዋታ ሲደራረብ አንዱ ሰው ሁሉንም ያጫውታል። ሲደክመው ይሳሳታል። ሲሳሳት ይሰደባል። የተሰደበ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ አያነሳም።

ዳኛ ከየት ይምጣ ብዬ ስጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ነበር፦ «የድሮ ተጫዋቾችን ሰብስብ።» ሰበሰብኩ። አንዳንዶቹ እስካሁን አብረውን አሉ፤ ጨዋታ ማንበብ ያውቁበታል። ግን በትንሽ ከተማ ማን የት እንደተጫወተ የማያውቅ የለም። መስመር ላይ ያረፈች አንዲት ኳስ ለቀድሞ ቡድናቸው ከሰጡ አለቀ፤ ሜዳው ሙሉ «ያው ቡድኑ ነው» ይላል። ሌላው ጣጣ፣ የሚያውቁት ደንብ እነሱ የተጫወቱበትን ነው። ሰርቭ፣ ማለትም ኳሷን የሚያስጀምረው ምት፣ መረቡን ነክቶ ሲያልፍ ፊሽካ የሚነፋ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ድሮ ጥፋት ነበር፤ ከቀረ ግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰርቭ የያዘው ቡድን ብቻ ነጥብ የሚያገኝበት ዘመንም አልፏል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የደንብ መጽሐፉን በየ4 ዓመቱ ያድሳል። ስለዚህ «እኔ ተጫውቻለሁ» ማለት ብቻውን አያዋጣም።

ማስታወቂያም ለጠፍን። ከመጡት አብዛኞቹ የፈለጉት ቲሸርቱን ነበር። አልፈርድባቸውም።

ጥሩዎቹ ዳኞች የተገኙት ማንም ዞር ብሎ ከማያየው ቦታ ነው፤ ውጤት ከሚመዘገብበት ጠረጴዛ። የመረብ ኳስ የውጤት ቅጽ ቀልድ አይደለም። ነጥብ ብቻ አይደለም የሚጻፍበት። የሰርቭ ተራው (ሮቴሽኑ) የማን እንደሆነ፣ ማን በማን እንደተቀየረ፣ በአንድ ዙር ከሚፈቀዱት 6 ቅያሪዎች ስንቱ እንደቀረ፣ አሰልጣኙ ባለ 30 ሰከንዷን እረፍት ስንቴ እንደጠየቀ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ይህን ቅጽ ሳታዛባ እስከ መጨረሻ የምትሞላ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግማሽ ዳኛ ሆናለች ማለት ነው። ተመልካቹ ኳሷን ሲከተል እሷ ሥርዓቱን ትከተላለች።

እነዚህን ልጆች በጅምላ አልጠራኋቸውም። እያንዳንዷን በስሟ ጠርቼ አነጋገርኳት። «ቅጽሽን አይቼዋለሁ፤ አንድም ሮቴሽን አልሳትሽም። ፊሽካ ልስጥሽ?» የብዙዎቹ መልስ ያው ነበር፦ «ቲቸር፣ ይሰድቡኛል እኮ!» አዎ፣ ይሰድቡሻል፤ ግን ብቻሽን አትቆሚም እላታለሁ። ይህችን ቃል መጠበቅ ነው ከሥልጠናውም ከገንዘቡም በላይ የሠራልን። ዳኛ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ነው። እነሱን ካለፈ ይቆያል።

በነገራችን ላይ ልጆቹ ሊዲያ ታፈሰን በደንብ ያውቋታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረንሳይ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ያጫወተችው የእኛው ዳኛ ናት። አንድ የመረብ ኳስ ዳኛ ስም ጥሩ ስላቸው ግን ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከከተማችን ከወጣሁ ብዙ ስም አልጠራም።

ሥልጠናውን ክፍል ውስጥ አልጀመርነውም። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ፊሽካ በመንፋት ጀመርን። አስቂኝ ይመስላል። ግን አዲስ ዳኛ ፊሽካውን እየፈራ ነው የሚነፋው፤ የፈራ ፊሽካ ደግሞ ክርክር ይጠራል። ቀጥሎ የእጅ ምልክቱ ቅደም ተከተል ነው። ፊሽካ፣ ከዚያ ሰርቩ ወደየትኛው ቡድን እንደሚሄድ ማሳየት፣ ከዚያ ጥፋቱን። ብዙ ሰው ጥፋቱን ያስቀድማል። ያኔ ተጫዋቹ «አልነካሁም!» ብሎ ይገባበታል። ሰርቩን መጀመሪያ ካሳየህ ነገሩ ተዘግቷል፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ጊዜ የበላን ደብል ነው፤ አንድ ተጫዋች ኳሷን ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ሲነካት ማለት ነው። ማቀበያዋ ኳስ ትንሽ ስትሽከረከር ሜዳው ሁሉ «ደብል!» ብሎ ይጮሃል። ኳስ ስለተሽከረከረች ብቻ ጥፋት አይሆንም። ዳኛው ማየት ያለበት እጁንና ንክኪውን ነው። ቡድኑ ኳሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀበል ደግሞ በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ አንዱን ተጫዋች ተከታትላ ሁለት ቦታ ብትነካውም ይፈቀዳል። ይህንን በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም። በስልክ ቀርጸን፣ ሻይ እየጠጣን፣ አንዷን ምት ደጋግመን እያየን ነው የገባቸው። ቪዲዮ ስናይ አንድ ደንብ አለን። መጀመሪያ የሚናገረው ያጫወተው ነው፤ «ምን አየሽ?» ይባላል እንጂ «ለምን ተሳሳትሽ?» አይባልም። ከአንድ ጨዋታ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታረመው።

የእኛ ሜዳ አፈር ነው፤ መስመሩ በኖራ ይሰመራል። የደብረ ብርሃንን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኖራው ይጠፋል፤ ኳሷም አየር ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች። አፈር ላይ ኳስ ምልክት ትተዋለች፤ ሁለቱም ቡድን «ይኸው!» እያለ ይከበዋል። ምልክቱን የሚያየው የመስመር ዳኛው ብቻ ነው ብለን ቆረጥን። ሌላው ከተጠጋ ዳኛው አምበሉን ጠርቶ ይመልሰዋል። ከሁሉ የሚገርመው መቆሚያው ነበር። የዋናው ዳኛ ዓይን ከመረቡ ጫፍ 50 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። መረቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። እኛ የተማሪ ዴስክ ላይ ወንበር ጭነን ነበር የምናቆማቸው። እንዳይወድቅ የሚጨነቅ ሰው ብሎክ (መረብ ላይ የሚከላከሉትን እጅ) ነክታ የወጣችውን ኳስ እንዴት ይያት? ብየዳ ቤት ሄደን ከቁርጥራጭ ብረት መሰላል ያለው መቆሚያ አሠራን። በዚያ ዓመት ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው እላለሁ።

አዲሷ ዳኛ መጀመሪያ በረዳትነት ትቆማለች፤ ልምድ ያለው መቆሚያው ላይ ይወጣል። ከዚያ ይቀያየራሉ። እሷ ላይ ስትወጣ ልምድ ያለው ታች ሆኖ ይረዳታል። በጨዋታ መሃል አያርማትም። አሰልጣኝ እየጮኸ ሲመጣ ግን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ዳኛን ማብራሪያ የመጠየቅ መብት ያለው ሜዳ ውስጥ ያለው አምበል ብቻ ነው፤ ደንቡ ነው። ይህን ከውድድሩ በፊት ለአሰልጣኞች ነግረን አስፈረምን። ካርድም ተለማመድን፤ ልጆቹ ካርድ ማውጣት ይፈራሉ። ቢጫ ነጥብ አያስከፍልም፤ ቀይ ለተጋጣሚ ነጥብና ሰርቭ ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ እጅ ከወጡ ከዙሩ ማስወጣት፣ በሁለት እጅ ከተለያዩ ከጨዋታው ማባረር ነው። እርስ በርስ እየተሳሳቁ አሰልጣኝና ዳኛ ሆነው ሲጫወቱበት ፍርሃቱ ለቀቃቸው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አበሉ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑ ግን አይደለም ሰውን የሚያባርረው። የሚያባርረው «ሂሳብ ሹሙ የለም፣ ሰኞ ና» የሚለው ነው። ከቡድኖች መመዝገቢያ ላይ የዳኞችን ድርሻ አስቀድመን ለየን። ዋንጫና ድንኳን የሚገዛው ከተረፈው ነው። ዳኛ ፊሽካውን ሳይመልስ ብሩን ይቀበላል። ሴቶቹ ሲመሽ ብቻቸውን እንዳይሄዱ የመጨረሻ ጨዋታ ከያዙ የባጃጅ ይጨመርላቸዋል።

ቀሪው ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ተጫዋቾች ሲተዋወቁ የዳኞቹም ስም በማይክ ይጠራል። ሸሚዛቸው አንድ ዓይነት ነው፤ እዚሁ ልብስ ሰፊ ጋ ነው ያሰፋነው። ጨዋታ ሲያልቅ አምበሎቹ ዳኞቹን አመስግነው ቅጹ ላይ መፈረም እንዳለባቸው ደንቡ ራሱ ይላል፤ ድሮ ፊርማው እንጂ ምስጋናው ተረስቶ ነበር። አሁን ሳይጨባበጡ እስክሪብቶ አይሰጣቸውም። የተሸነፈ አምበል ፊቱን አጥቁሮ ሲጨብጥ ማየት የራሱ መዝናኛ አለው።

«ምርጥ ዳኛ» የሚባል ሽልማት ግን አላስገባሁም። አሰልጣኞች ቢመርጡ ያሸነፉበትን ጨዋታ ያጫወተውን ነው የሚመርጡት። በምትኩ ለእያንዳንዱ ዳኛ ያጫወተው ጨዋታ ሁሉ የሚመዘገብበት ደብተር አለን። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሆኖ ወጥቶለት ከፍ ላለ የዳኝነት ኮርስ ሲያመለክት ይዞት ይሄዳል። ከሜዳሊያ ይልቅ ይህን ይፈልጉታል።

አሁን የቀረን ራስ ምታት 12ኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ጥሩ ዳኛ በሆኑ ማግስት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ክረምት ሲመለሱ ደግሞ ሜዳችን ጭቃ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ሥራ ያላቸውን ማምጣት ጀምረናል፤ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን። እነሱን ለመያዝ የዳኞች ድልድል ወሩ ሳይገባ መውጣት አለበት። የሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ ደግሞ የእሁድ ጠዋቱ የመጀመሪያ ጨዋታ አይደርሳትም።