ሰጪው እጅ የሚነሳበት ከተማ

ከታይፔ ወደ ሁዋልየን በባቡር መሄድ ደስ ይላል። ሐዲዱ የታይዋንን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በግራ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቀኝ ቀጥ ብሎ የቆመ ተራራ። ከተማዋ የምትታወቀው በእብነ በረድና በታሮኮ ሸለቆ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጂንግ ሲ የተባለ የሴቶች ገዳም ነው። ትዙ ቺ የሚባለው ትልቅ የቡዲስቶች የበጎ አድራጎት ድርጅት ልቡ ያለው እዚያ ነው።

በቡዲዝም ርኅራኄ ዝም ብሎ የሚመጣ ስሜት አይደለም። የሚለማመዱት ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ልምምድ ተቀምጦ ማሰላሰል ነው። ዓይንን ጨፍኖ መጀመሪያ ለራስ ደኅንነትን መመኘት። ቀጥሎ ለሚወዱት፣ ቀጥሎ ለማያውቁት፣ በመጨረሻም ለተቀየሙት ሰው። ይህን እኔም ለረጅም ጊዜ ስሞክረው ቆይቻለሁ፤ እወደዋለሁም። ሁዋልየን የሄድኩት ግን ልምምዱን ከማሰላሰያው ትራስ አንስተው ወደ መንገድ ያወጡትን ሰዎች ለማየት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቻይና ነው። ታይሹ የሚባል መነኩሴ (1890–1947) ቡዲዝም የቀብርና የሙታን ሥርዓት ብቻ ሆኗል፣ ወደ ሕያዋን ይመለስ ብሎ ተከራከረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያንን ሐሳብ ሊቁ ዪን ሹን ወደ ታይዋን አመጣው። በ1963 ዪን ሹን ቼንግ የን የተባለች ወጣት መነኩሲትን በደቀ መዝሙርነት ተቀበለ። የሰጣት መመሪያ አጭር ነበር፦ ለቡዲዝምና ለፍጡራን ሁሉ ኑሪ።

በ1966 ቼንግ የን ሁዋልየን ውስጥ ሥራ ስትጀምር ሀብታም ደጋፊ አልነበራትም። ከጎኗ የቆሙት 30 የቤት እመቤቶች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ከቀርከሃ የተቆረጠ የሳንቲም ማጠራቀሚያ ተሰጣቸው። በየቀኑ ገበያ ከመሄዳቸው በፊት ከአስቤዛው ላይ 50 ሳንቲም ቀንሰው እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። አንዷ ታዲያ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። በወር አንዴ 15 የታይዋን ዶላር ብንሰጥ ያው አይደለም ወይ? ሒሳቡ ያው ነው። ቼንግ የን ግን እምቢ አለች። በወር አንዴ ከሆነ ስለ ሌላው ሰው የሚያስቡት በወር አንዴ ነው። በየቀኑ ከሆነ በየቀኑ።

ለእኔ የትዙ ቺ ነገር ሁሉ እዚህ መልስ ውስጥ አለ። ሳንቲሙ ለድሃው ነው፤ በየቀኑ መሆኑ ደግሞ ለሰጪዋ። ተቀምጦ የሚያሰላስል ሰው ሐሳቡ በሸሸ ቁጥር ወደ ትንፋሹ ይመልሰዋል። እነዚያ ሴቶችም በየማለዳው ልባቸውን ወደማያውቁት ሰው ይመልሱ ነበር። ለዚያውም ልጅ ታቅፈው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው።

ገዳሙ ግዙፍ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይገረማል። ዋናው ሕንፃ ትንሽ ነው፤ ነጭና ግራጫ፣ ባለ ቻይና ጣሪያ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እንጨት ይመታል። ሁሉም ይነሳል። ዜማውና ስግደቱ ካለቀ በኋላ ወደ ሥራ ነው። እዚህ ያሉ መነኮሳይያት ለራሳቸው ኑሮ ምጽዋት አይቀበሉም። ለድሃ የተሰጠው ገንዘብ ለድሃ ነው፣ እነሱ የሚበሉት ሠርተው ነው። በድሮው ጊዜ ሹራብ ይሠሩ ነበር፣ የሕፃናት ጫማ ይሰፉ ነበር፣ የሲሚንቶ ከረጢት እየቆረጡ ትንንሽ ከረጢት ያወጡ ነበር። በኋላ ሻማ መጣ። ይህን ደንብ በጣም አከብረዋለሁ። ሰጪው ራሱ ከሚሰጠው ላይ እንደማይቆነጥር ሲታወቅ ሰው ልቡን ጥሎ ይሰጣል።

በማግስቱ የከተማው ቆሻሻ የሚለይበት ቦታ ወሰዱኝ። በ1990 ቼንግ የን አንድ ንግግር አድርጋ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ በሚያጨበጭቡት እጆቻችሁ ቆሻሻ ልቀሙ አለች። ሰዉም ቃሏን ይዞ ወጣ። ዛሬ በታይዋን ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች አሉ። ብዙዎቹ ሠራተኞች አረጋውያን ናቸው፣ ደመወዝም የላቸውም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ይነሳል፣ የአንገቱ ቀለበት ይቆረጣል፣ በቀለም በቀለም ይለያል። ከጠርሙሱ ክር ይወጣል፣ ከክሩ ብርድ ልብስ ይሠራል። ብርድ ልብሱ አደጋ ወደደረሰበት አገር ይሄዳል።

አነስተኛ በርጩማ ሰጥተው አንዲት ሽማግሌ እናት አጠገብ አስቀመጡኝ። አስተርጓሚዬ ልጅ እግር ናት፣ እሳቸውን ግን «እህቴ» ነው የምትላቸው። እዚህ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ እህትና ወንድም ነው። በዕድሜ የገፉትንማ ቦዲሳትቫ ብለው ይጠሯቸዋል። ቦዲሳትቫ ፍጡር ሁሉ ከሥቃይ ሳይወጣ እኔ ብቻዬን አልወጣም ያለ ነው። ያን ስም ጓንት ላጠለቁ እናት ሲሰጡት መስማት ደስ ይላል።

«እዚህ ሲሠሩ ምን ያስባሉ?» አልኳቸው።

«ብርድ ልብሱን የሚለብሰውን ሰው» አሉኝ። ከዚያ ቢላዋቸውን አንስተው የእኔን ጠርሙስ አሳዩኝ። «ቀለበቱን አልቆረጥሽውም፤ እንዲህ ከሄደ ክሩን ያበላሻል።»

ቀለበቱን ቆረጥኩ። ቀኑን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ስሠራ ዋልኩ። ከብዙ ስብከት ይበልጥ የገባኝ ያ እርማት ነው። የማያውቁት ሰው እንዳይበርደው ያን ያህል ጥንቃቄ!

ሌላው ሳላነሳው የማላልፈው እጅ መንሳታቸው ነው። የትዙ ቺ በጎ ፈቃደኞች ሰማያዊ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ይለብሳሉ። የጉዞ ወጪያቸውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። እርዳታ ሲያድሉ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ይሰጣሉ። ከዚያም አመሰግናለሁ ይላሉ። የሚያመሰግነው ሰጪው ነው። ምክንያቱም ተቀባዩ ርኅራኄን የምለማመድበት ዕድል ሰጥቶኛል ብለው ያምናሉ። የቆየው የቡዲዝም ትምህርት ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ንጹሕ ስጦታ ሰጪም፣ ተቀባይም፣ የተሰጠውም ነገር የማይታሰብበት ነው ይላል። እኔ ሰጠሁ የሚለው ሐሳብ ከቀረ ስጦታው ጉድፍ የለውም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ያሳስበኛል ማለቴ አልቀረም። ልብሱ አንድ ዓይነት፣ አጎነባበሱ አንድ ዓይነት። ርኅራኄ ልምምዱ ሲበዛ ቅርፊት ብቻ ሆኖ አይቀርም ወይ? አሁንም ጥያቄው ከውስጤ አልወጣም። ግን በተቃራኒው ያየሁት ይበልጣል። ስሜት ቀን ይመጣል፣ ቀን ይጠፋል። በደከመህ ቀን፣ ተቀባዩ በተቆጣ ቀን፣ ያ የተለማመድከው ጉንበሳ ክብሩን ይጠብቅለታል። ሚያዝያ 3 ቀን 2024 ሁዋልየን በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ቤታቸውን ጥለው ለወጡት ሰዎች ታጣፊ አልጋና መከለያ ወዲያው ቀረበ። የተጎዳ ሰው በሰው ፊት እንዳይተኛ ማሰብ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠር አይደለም። አስቀድሞ የተለማመዱት ነው።

ትዙ ቺ ሁዋልየን ውስጥ የሠራው ሆስፒታል በ1986 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በሽተኛ ከመተኛቱ በፊት መያዣ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ነበር፤ እነሱ ግን አልጠየቁም። በ1994 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተከተለ። እኔ ብዙ ሰዓት ያሳለፍኩት እዚህ ነው።

ሐኪም ለመሆን አስከሬን ላይ መማር ግድ ነው። ታይዋን ውስጥ ግን ሰው ሙሉ አካሉን ይዞ መቀበር አለበት የሚል የቆየ እምነት አለ። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ፈላጊ ባጡ አስከሬኖች ላይ ነበር። ቼንግ የን ተከታዮቿን ሰውነታችሁን ስጡ አለቻቸው። ሰጡ። በቡዲዝም የቆዩ ትረካዎች ውስጥ የተራበች ነብር ልጆቿን እንዳትበላ ሥጋውን የሰጠ ልዑል አለ። ያ ተረት እዚህ ፎርም ተሞልቶ፣ ፊርማ ተፈርሞ ይፈጸማል።

ተማሪዎቹ አስከሬን አይሉም። ድምፅ አልባ መምህር ነው የሚሉት። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤተሰቡ ቤት ይሄዳሉ። ሰውየው ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ሠርቶ እንደኖረ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። ፎቶውና ታሪኩ ከጠረጴዛው አጠገብ ይሰቀላል። ሲጀምሩ እጅ ይነሳሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ የከፈቱትን ሁሉ መልሰው ይሰፋሉ፣ ነጭ ልብስ ያለብሱታል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይሸኙታል። ከመሞቱ በፊት ከተማሪዎቹ ጋር የተነጋገረ አንድ ሰው፣ በሽተኛ ላይ አንዴ ከምትሳሳቱ እኔ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ብትሳሳቱ ይሻለኛል ብሏቸው ነበር። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገራል።

አንድ ተማሪ አነጋገርኩ። መምህሩ አናጢ ነበሩ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ከባለቤታቸው ሰምቶ ስለነበር ሲያየው አወቀው። «መጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ» አለኝ። «እሳቸውን ላለማሳፈር ሌሊቱን ሙሉ አጠናሁ።» ኮርሱ ካለቀ ቆይቷል። ባለቤታቸውን ግን ዛሬም ሄዶ ይጠይቃቸዋል። ተመርቀህ ስትወጣ የመጀመሪያዋ በሽተኛህ እኔ ነኝ፣ ጉልበቴን ታየዋለህ ብለውታል።