አብሽሪ የምትል ሴት ከአልጋው አጠገብ

ኮምቦልቻ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚድዋይፍ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ግን ደሴ ናቸው፣ ተወልጄ ያደግኩትም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩትም እዛው ነው። እና ዛሬ ከዛች ሌሊት ልጀምር፣ ምክንያቱም ስራዬን እንዴት እንደምሰራ የቀየረችው እሷ ናት።

ምጡ የጀመረኝ ማታ 2 ሰአት አካባቢ ነው። የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። በሩ ላይ እናቴን "እርስዎ እዚሁ ይጠብቁ" አሏት፣ የልጁን ልብስ የያዘውን ፌስታል ከእጇ ተቀብለው እኔን አስገቡኝ፣ በቃ። ሲስተሮቹ እየመጡ ያዩኛል፣ "ገና 4 ሴንቲ ነሽ" ይሉኛል፣ የማህፀን በሬ የተከፈተውን ማለታቸው ነው፣ ከዛ ወደ ሌላዋ ይሄዳሉ፣ አምስት ምጥ የያዘን ሴቶች ነበርን እነሱ ደግሞ ሁለት፣ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። የደሴን የሌሊት ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እናቴ ፔርሙዟን ታቅፋ ውጭ ግድግዳው ስር ተቀምጣ አደረች፣ እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ስታስል እሰማት ነበር። ሳሏን ስሰማ ትንሽ ልቤ ይረጋጋል፣ ዝም ስትል ደሞ ሄደች እንዴ ብዬ እጨነቃለሁ። ያን ሌሊት ከእናቴ የደረሰኝ ሳሏ ብቻ ነው።

ያኔ እኮ ራሴ ሚድዋይፍ ነበርኩ። ምጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ብዙ ሰአት እንደሚፈጅ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ፣ ግን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም፣ የፈለግኩት ወገቤን የሚያሽልኝና ስሜን የሚጠራ ሰው ነበር።

እኛ ወሎ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። እናቶቻችን እቤት ሲወልዱ አንዷ ጎረቤት ከኋላ ደግፋ ትይዛታለች፣ ምጥ የያዛት በጉልበቷ ተንበርክካ ነው፣ አንዷ ማርያም ማርያም ትላለች፣ ሌላዋ ዱአ ታደርጋለች፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አንድ ቤት ውስጥ፣ እና ሁሉም የሚሏት "አብሽሪ" ነው። አይዞሽ ብቻ አይደለም እኮ አብሽሪ፣ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ መልካም ዜና እየመጣልሽ ነው እንደማለት ነው። የቤት ወሊድ ይሻላል እያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ በፍፁም፣ እቤት ደም መፍሰስ ከጀመረ እናት በሰአታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፣ ይሄን በአይኔ ካየሁት በኋላ ማንም ሴት እቤቷ እንድትወልድ አልፈልግም። ግን ወደኛ ኑ እያልን ያቺን የምትደግፋትን ሴት ለምን በር ላይ እንደምናስቀራት ነው ያልገባኝ።

የአለም ጤና ድርጅት በ2018 እኤአ ባወጣው የምጥና የወሊድ መመሪያ ላይ እኮ በግልፅ አለ፣ እያንዳንዷ ሴት በምጥም በወሊድም ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ይላል። የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት ደግሞ በ2017 ከ15 ሺ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች ደምሮ ሲያይ፣ አጠገባቸው የማይለይ ሰው ያላቸው ሴቶች በራሳቸው የመውለድ እድላቸው ከፍ ያለ ነው፣ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፣ ምጡም ትንሽ ያጥራል። መድሀኒት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ስንት ተወርቶለት ነበር እላለሁ።

እኛ ጋ የነበረው ችግር ክፍሉ ነው። ሶስት አልጋ ጎን ለጎን፣ መሀላቸው ምንም የለም፣ የአንዷ አማት ከገባች ሌላዋ ሴት ራቁቷን ትታያለች፣ ስለዚህ ማንም አይግባ ተባለ። ይሄ እውነተኛ ምክንያት ነው፣ ግን መፍትሄው መጋረጃ ነው እንጂ መከልከል አይደለም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ብር አዋጣንና አቡጀዲ ገዛን፣ የአንዷ እህት ሰፋችልን፣ ገመድ ወጥረን ሁለቱን አልጋ ጋረድናቸው። ከዛ አንድ ሰው ትግባ አልን፣ ሴቷ የመረጠቻት፣ እጇን ታጥባ፣ ስልክ ሳታወራ።

ስትገባ ምን እንደምታደርግ እነግራታለሁ። በምጡ መሀል ውሃ ወይ ሻይ በስኳር ወይ አጥሚት ፉት እንድታደርግላት፣ ወገቧን ከታች በኩል ጫን አርጋ እንድታሽላት፣ መራመድ ከፈለገች ደግፋ እንድታራምዳት፣ ስትተኛ በጎኗ እንጂ በጀርባዋ እንዳትተኛ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እከለክላለሁ፣ 10 ሴንቲ ሳይሞላ "ግፊ ግፊ" ማለት። ያለጊዜው ከገፋች ጉልበቷ ያልቃል፣ የሚያስፈልጋት ሰአት ላይ አቅም ታጣለች።

ባለፈው ክረምት ከቃሉ ገጠር አንዲት የ19 አመት ልጅ ከአማቷ ጋር መጣች፣ የመጀመሪያዋ። ስትገባ የደም ግፊቷ 130/85 ነበር፣ የልጁ ልብ ምት ጥሩ፣ 5 ሴንቲ። ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት አያመኝም፣ አይንሽስ ስላት ደህና ነኝ፣ ሁሉንም ደህና ነኝ አለችኝ አንገቷን ደፍታ። መጋረጃውን ልዘጋ ስል አማቷ እጄን ያዘችኝ። "ሲስተር ኧረ አፍራ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ጭንቅላቴን እያለች ነው፣ አይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል ትለኛለች፣ እኛ ምች መስሎን ዳማከሴ አሸናት።" ተመልሼ ግፊቷን ለካሁት፣ 160/110። ሽንቷን አየነው ፕሮቲን 3 ፕላስ፣ ከባድ የእርግዝና ግፊት ነው። ቀጣዩ የግፊት ልኬቷ እኮ ከ4 ሰአት በኋላ ነበር፣ እና ያቺ ሴትዮ ውጭ ብትቀር ኖሮ ልጅቷን እዛው አልጋው ላይ ሊያንቀጠቅጣት ይችል ነበር።

እንዳያንቀጠቅጣት የሚከላከለውን ማግኒዝየም ሰልፌት ጀመርንላት፣ 4 ግራም በደም ስር ቀስ እያልን፣ ከዛ 5 5 ግራም በሁለቱም መቀመጫዋ ላይ፣ ያማል እሱ መርፌ፣ አማቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ትላታለች። የግፊት ማውረጃ ሰጥተን፣ የሽንት ቱቦ አስገብተን፣ ወደ ደሴ ሪፈር አልናት፣ አምቡላንሱ ውስጥ አብሬ ገባሁ። ሀረጎን ሽቅብ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ እኔ ጉልበቷን በመዶሻው እየነካሁ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነው፣ ማግኒዝየሙ ከበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው የጉልበቷ ምላሽ ነውና። አማትየዋ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነጠላዋን አልብሳት ሄደች። ሌሊት 9 ሰአት ላይ ሴት ልጅ ወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

እኛ ጋ የምትወልድ ሴት ከወለደች በኋላም አብራት የገባችውን ሴት አላስወጣም። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ወግተን እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ የሷን እጅ ይዤ እናትየዋ እምብርት አካባቢ አስቀምጠዋለሁ፣ "ይሄ ጠንካራ ኳስ ማህፀኗ ነው፣ ከለሰለሰብሽ ወይ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ከራሰ ሳትፈሪ ጥሪኝ" እላታለሁ። እኔ በየ15 ደቂቃው መጥቼ አያለሁ፣ ግን በመሀል ሌላ ሴት ልትወልድ ትችላለች። ሁለት ጊዜ በሩጫ ጠርተውኛል፣ ሁለቱም ጊዜ ደም ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ ማህፀኑን አሽተን ኦክሲቶሲን ጨምረን ቆመ።

እናቴን አንድ ቀን ስራ ቦታዬ ወሰድኳትና መጋረጃውን አሳየኋት። ጨርቁን በጣቶቿ እያሸች ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "አሁን ውስጥ ያስገባሉ ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ እማዬ አልኳት።

በሩ ጋ ያለው ሶስተኛው አልጋ ገና አልተጋረደም። ስድስት ሜትር አቡጀዲ ይበቃዋል፣ ደሞዝ ሲወጣ እንገዛለን።